ፋይቭ ኤል ማለት አምስት ሊትር አይደለም፦ ስለ ሚኒባሶቻችን ዘር ማንዘር



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ሦስት ሆነን ሚኒባስ ልንገዛ ነው። ደላላው ፋይቭ ኤል ነው ይላል፤ ጥሩ ነው እንዴ?» ሌላው ደግሞ «ዶልፊን ይሻላል አባ ዱላ?» ይላል። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ታሪክ ነው የማስተምረው። ግን እስከ ዛሬ ካየኋቸው ጠብና ጸጸት ያስከተሉ ግዢዎች ብዙዎቹ የመካኒክ ሳይሆን የታሪክ ስህተት ናቸው። ሰው የሚገዛው ነገር ከየት እንደመጣ፣ የስንት ዓመት እንደሆነ፣ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ሳያጣራ ነው ገንዘቡን የሚቆጥረው። ገንዘቡ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ከሮቢት ቆላ የሁለት ምርት ሽንኩርት፣ የአባት በሬዎች፣ የእናት ወርቅ፣ የዕቁብ ዕጣ ተደምሮ ነው አንድ አሮጌ ሚኒባስ የሚሆነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሃይኤስ ዘር ማንዘር ልጻፍላችሁ። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ስለ መንገዳችን። እኛ የጣርማ በር ሰዎች መኪናን በስም መጥራት የጀመርነው ዛሬ አይደለም። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲዘምት በዚሁ በእኛ መንገድ ነው ያለፈው። ከ1,600 በላይ ተሽከርካሪ የያዘ ሰልፍ ነበር። ፊያቱ፣ ላንቻው፣ የአሜሪካ ፎርዱ ሳይቀር ተቀላቅሎበታል። ጣርማ በር ላይ መንገዱን ፈርሶ ስላገኙት ቆመው ሲጠግኑ ቆዩና ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ በደንብ የተሠራውና 587 ሜትር ገደማ የሚሆነው ዋሻ የተቦረቦረው፤ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው «የሙሶሎኒ ዋሻ» የሚለው ማለት ነው። መንገዱን ሲተዉልን ቋንቋውንም ትተውልን ሄዱ። ጋራዥ ገብታችሁ አድምጡ፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን። ሁሉም ጣልያንኛ ነው።

ሽማግሌዎች «ትሬንታ ኳትሮ» ሲሉ ሰምታችሁ ከሆነ ትርጉሙ «ሠላሳ አራት» ነው፤ ፊያት 634 የሚባለው ከባድ መኪና ነው። በኋላ የመጣው «ኤንትሬ» ደግሞ የፊያት 682 «ኤን 3» የሚባለው ዝርያ ነው፤ ትሬ በጣልያንኛ ሦስት ነው። ከኤን 3 በፊት ኤን 2 ነበር። ልብ በሉ፣ አያቶቻችን መኪናውን የጠሩት በፋብሪካው ስም ሳይሆን በዝርያ ቁጥሩ ነው። ሹፌሩ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ የትኛው መለዋወጫ እንደሚገጥምለትም እንደዚያው። እኛ ግን ቀስ በቀስ ወደ ቅጽል ስም ዞርን። ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበትን የድሮ ታክሲ በአብዮቱ ዘመን የውይይት መድረክ «ውይይት» አልነው። አይሱዙ ላይ ላሜራ ቀጥቅጠን አውቶቡስ ስናደርገው «ቅጥቅጥ» ተባለ። የቻይናው ሲኖ ትራክ በአደጋው ብዛት «ቀይ ሽብር» ተባለ። ስም በማውጣት ማን ይስተካከለናል! ችግሩ ቅጽል ስም ስለ መልክ ነው የሚናገረው፣ ስለ ሞተር አይናገርም።

አሁን ወደ ሃይኤስ። ቶዮታ ሃይኤስን መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። (የፋብሪካ ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚህ በኋላ የፋብሪካውን በፈረንጅ፣ የእኛን በዓ.ም. ነው የምጽፈው።) ሁለተኛው ትውልድ በ1977፣ ሦስተኛው በ1982፣ አራተኛው በ1989፣ አምስተኛው በ2004፣ ስድስተኛው በ2019 ወጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለሙዚየም እንተዋቸው። ሦስተኛው ያ ሳጥን የሚመስለው፣ ማዕዘኑ የሾለው፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ አዲስ አበባን ያሳደገው ነው። ደርግ ወድቆ የየብስ ትራንስፖርት ከቀጠና ስምሪት ሲላቀቅ፣ በየከተማው ሚኒባስ እንደ አሸን ሲፈላ፣ የብዙዎቻችን የልጅነት ታክሲ ይኸው ነበር።

አራተኛው፣ ከ1989 እስከ 2004 የተመረተው፣ አፍንጫው ክብ ብሎ ወደ ፊት የተንሸራተተው፣ «ዶልፊን» ያልነው ነው። አምስተኛው «አባ ዱላ» ነው። ስሙ ከፖለቲከኛው ከአቶ አባዱላ ገመዳ የተወሰደ ነው። መኪናው አገር ውስጥ መታየት የጀመረበት ዘመንና እሳቸው የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት የነበሩበት ዘመን ይገጣጠማል። ለምን በእሳቸው ስም እንደተጠራ የሚነገረውን ቀልድ ለራሳችሁ እተወዋለሁ።

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ወጥመዱ የሚጀምረው። «ዶልፊን» ስትሉ 15 ዓመት ሙሉ የተመረተ መኪና ነው የምትሉት። የ1990ውም ዶልፊን ነው፣ የ2003ቱም ዶልፊን ነው። ፊቱ ላይ ፍርግርጉና መብራቱ ተቀያይሯል፤ ግን የአዲሱን ፊት ገዝቶ አሮጌው ላይ መግጠም የአንድ ቀን ሥራ ነው። በመልክ ዓመት መገመት ስለዚህ አይሆንም።

ሞተሩስ? ደላላ ሁሉ የሚምልበት «ፋይቭ ኤል» ምንድን ነው? ብዙ ሰው አምስት ሊትር ይመስለዋል። አይደለም። ቶዮታ ሞተሮቹን የሚሰይመው እንዲህ ነው፦ ፊደሉ የሞተሩ ቤተሰብ ነው፣ ቁጥሩ በቤተሰቡ ውስጥ ስንተኛ እንደተወለደ ነው። «ኤል» የሚባል የናፍታ ቤተሰብ አለ። የበኩር ልጁ ዝም ብሎ ኤል ነው፣ 2,188 ሲሲ። ቀጥሎ 2ኤል፣ 2,446 ሲሲ። 3ኤል፣ 2,779 ሲሲ። 5ኤል፣ 2,986 ሲሲ። ስለዚህ 3ኤል ሦስት ሊትር አይሞላም፤ 5ኤል ራሱ ሦስት ሊትር ገደማ ነው።

የሚገርመው የ3ኤልና የ5ኤል ልዩነት ነው። የፒስተኑ ምት ሁለቱም ላይ 96 ሚሊ ሜትር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት ብቻ ከ96 ወደ 99.5 ሚሊ ሜትር አድጓል። ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል! ከውጭ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው። 3ኤል ያለው መኪና ላይ «ፋይቭ ኤል ነው» ብሎ ለመናገር ከምላስ በቀር ምንም አያስፈልግም። መለያው ሞተሩ ብሎክ ላይ የተመታው ጽሑፍ ነው። የሃይኤስ ሞተር ከሹፌሩና ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው ያለው፤ ወንበሩን አስነሡና በጨርቅ ጠርጋችሁ በዓይናችሁ አንብቡ። ሻጩ «አሁን ሞቋል፣ ነገ ታዩታላችሁ» ካለ ነገ ተመለሱ። ገንዘቡም ነገ ይምጣ።

ቀጥሎ ደግሞ ተቃራኒው ወጥመድ አለ። አባ ዱላ ላይ «ኬዲ» የሚባል ቤተሰብ መጣ። 1ኬዲ እና 2ኬዲ። ሰው በኤል የለመደውን ይዞ 2ኬዲ ይበልጣል ብሎ ያስባል። 1ኬዲ 2,982 ሲሲ ነው፤ 2ኬዲ 2,494 ሲሲ ነው። ታናሹ አነስ ብሎ ተወለደ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቱ ኬዲ ስለሆነ» ተብሎ ጨምሮ ከፍሏል። ጨምሮ የከፈለው ለአነስተኛው ሞተር ነው። መኪናው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ይሠራል። ግን የጨመረው ብር የሁለት ጎማ ዋጋ ነበር።

ሌላም አለ። «አባ ዱላ ከሆነ ኬዲ ነው» የሚል እምነት አለ። ትክክል አይደለም። አምስተኛው ትውልድ ላይም ያው አሮጌው 5ኤል የተገጠመላቸው አሉ፤ የቤንዚን ሞተር ያላቸውም አሉ። ዶልፊን ውስጥ ደግሞ 2ኤልም፣ 3ኤልም፣ 5ኤልም፣ ቤንዚኑ አርዜድም፣ ባለ ተርቦው 1ኬዜድም ይገኛል። አንድ ቅርፊት፣ አምስት ዓይነት ልብ።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ፋብሪካው ራሱ ጽፎላችኋል። በትንሿ የፋብሪካ ላሜራ ላይ፣ በሻንሲ ቁጥሩም መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የሞዴል ኮድ አለ። «ኤች» የሃይኤስ ፊደል ነው፤ ከፊቱ ያለው የሞተሩ ቤተሰብ ነው። ኤልኤች ካለ ኤል ሞተር ነው፣ ናፍታ። ዋይኤች የድሮው ዋይ ቤንዚን። አርዜድኤች አርዜድ ቤንዚን። ኬዲኤች ኬዲ ናፍታ። ቲአርኤች ቲአር ቤንዚን። ከዚያ የሚከተለው ቁጥር በመቶ ከጀመረ፣ ለምሳሌ 102 ወይም 172፣ ዶልፊን ነው፤ በሁለት መቶ ከጀመረ አባ ዱላ ነው። ኮዱ አርዜድኤች እያለ ውስጡ ናፍታ ሞተር ካገኛችሁ፣ መኪናው ተወልዶ በቤንዚን አድጎ በኋላ ሞተር ተቀይሮለታል ማለት ነው። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ግን ሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት። በሊብሬው ያለው የሞተር ቁጥርና ብሎኩ ላይ ያለው ካልገጠመ ገና ስም ዝውውር ላይ ትያዛላችሁ፤ ያኔ ደላላው ስልክ አያነሣም።

የሻንሲ ቁጥሩ ሌላም ነገር ይናገራል፦ መኪናው ለማን እንደተሠራ። ጃፓን ለውጭ ገበያ የሠራው ሃይኤስ 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ረጅም ቁጥር አለው፤ በ«ጄቲ» ይጀምራል። ለራሷ ለጃፓን የተሠራው ግን አጭር ነው፤ የሞዴሉ ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ተራ ቁጥር። አጭሩ ቁጥር ውስጥ ዓመት የለም። ሻጩ ከቁጥሩ ላይ ዓመት «አንብቦ» ከነገራችሁ እያነበበ አይደለም።

አጭር ቁጥር ካያችሁ አንድ ጥያቄ ወዲያው ይነሣል፦ መሪው ከየት ነበር? ጃፓኖች በግራ ነው የሚነዱት፣ መሪያቸው በቀኝ ነው። እኛም እኮ በግራ ነበር የምንነዳው! ወደ ቀኝ የተዛወርነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ያቺ ቀን ባትኖር የጃፓንን አሮጌ መኪና እንደ ኬንያ ሰዎች እንዳለ እንነዳው ነበር። አሁን ግን መኪናው ዱባይ ላይ ቆሞ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ይዛወራል። ጥሩ አድርገው የሚሠሩ አሉ፤ እንደነገሩ የሚሠሩም አሉ። መሪ ሲዛወር የፍሬን ፔዳሉም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ዳሽቦርዱም አብሮ ይዞራል፤ አሮጌው ቀዳዳ ይደፈናል፣ አዲስ ይበሳል። ከፔዳሉ በስተጀርባ ያለውን ላሜራ በባትሪ እዩት። የዝናብ መጥረጊያዎቹ አቅጣጫም ይናገራል፤ ለቀኝ መሪ የተሠራ መጥረጊያ ከሹፌሩ በኩል ያለውን የመስታወት ጥግ ሳይጠርግ ይተወዋል።

መብራቱን ግን አደራ። ለጃፓን የተሠራ የፊት መብራት ወደ ግራ በኩል ከፍ ብሎ እንዲያበራ ነው የተቀረጸው፤ እዚያ ግራ የመንገዱ ጠርዝ ነው። እኛ ጋ ግራ ማለት ከፊት የሚመጣው መኪና ነው። መሪው ዞሮ መብራቱ ካልተቀየረ በሌሊት በሙሽ ጉም ከአርማንያ ስትወጡ ከላይ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ታጠፋላችሁ። መብራቱን አጭር ላይ አድርጉና ግድግዳ ላይ አብሩት፤ የትኛው ጎን ከፍ እንዳለ በአንድ ደቂቃ ታያላችሁ።

በሩም አለ። ለጃፓን የተሠራ ቫን ተንሸራታች በሩ በግራ ነው፤ በሁለቱም በኩል በር ያላቸውም አሉ። እኛ ሰው የምናወርደው በቀኝ ነው። ስለዚህ የጃፓን ቁጥር ያለውና በቀኝ ብቻ በር ያለው ካገኛችሁ ጎኑ ተቆርጦ ነው የሚሆነው፤ የብየዳውን መስመር ፈልጉ። አንዳንዱ ደግሞ የጭነት ቫን ሆኖ መጥቶ እዚህ መስኮት ተቆርጦለትና ወንበር ተገጥሞለት ነው ሕዝብ ማመላለሻ የሚሆነው። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወንበሩ በምን እንደታሰረ እዩ። የፋብሪካ ወንበር በተጠናከረ ቦታ ላይ ነው የሚታሰረው። ወለል ላሜራ ላይ ብቻ በቡለን የታሰረ ወንበር ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወይም ስትጋጩ ከነተሳፋሪው ነው የሚነቀለው። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት የእኛው እናቶች ናቸው፤ ለሰንበቴ ገበያ የሚወርዱት፣ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚሄዱት።

ስለ ስፋቱም አንድ ነገር ልበል፤ ይኼ ለእኔ በጣም ደስ የሚለኝ ታሪክ ነው። መደበኛው አባ ዱላ 4,695 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ 1,695 ይሰፋል። ለምን 4,700 እና 1,700 አልሞላም? የጃፓን ሕግ አነስተኛ ጭነት መኪና ብሎ አነስተኛ ግብር የሚጥለው ከ4.7 ሜትር ርዝመትና ከ1.7 ሜትር ስፋት ላልበለጠው ስለሆነ ነው። ረጅሙና ሰፊው ግን ከሕጉ ወጥቶ 5,380 በ1,880 ነው። እኛ ጋ ሁለቱም «አባ ዱላ» ይባላሉ፤ የሚይዙት ሰው ግን አይገናኝም። ስልክ ላይ ተስማምታችሁ አዲስ አበባ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት «አጭሩ ነው ረጅሙ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሜትር ይዞ መሄድም አያሳፍርም።

የትኛው ሞተር ለእኛ መንገድ ይሻላል? እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ነው የምሰጠው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ሲና 2,700 ሜትር አካባቢ። ዋሻው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩቡን ያህል ሳስቷል። ኤል ሞተሮች አብዛኞቹ ተርቦ የላቸውም፤ አየሩን በራሳቸው ነው የሚስቡት። ስለዚህ ከሮቢት ሙሉ ተሳፋሪና ጣራ ላይ ሽንኩርት ጭኖ የሚወጣ 3ኤል ዳገቱ ላይ ቢያቃስት አትፍረዱበት፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ኬዲ ተርቦ ስላለው አየሩን ጨምቆ ያስገባል፤ ዳገቱን ይበላዋል።

ግን ኬዲ ኮመን ሬል ነው። ናፍታው በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ኢንጀክተር ነው የሚረጨው። ውኃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍታ ይገድለዋል፣ ኢንጀክተሩም ውድ ነው። ማደያ ናፍታ ሲጠፋ በጀሪካን የሚሸጠውን እየገዛ ለሚሠራ ሰው ኬዲ ቀጭን ሆድ ያለው ልጅ ነው። 5ኤል የሰጡትን ይበላል፤ መካኒኩም በየከተማው አለ። ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ለሚሠራ፣ ከታመነ ማደያ ለሚቀዳ ኬዲ። ሮቢት አጣዬ፣ መንዝ መዘዞ ሞላሌ እያለ ለሚሠራ 5ኤል። 2ኤል ለዚህ ዳገት አይሆንም፤ በርካሽ ቢሰጧችሁም።

አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ኤሉም ኬዲውም ሞተሩን የሚያስተባብረው ቺንጊያ ነው። የኤሉ በየ100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየራል። ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማንም አያምነውም፣ እናንተም አትመኑት፤ በገዛችሁ ሳምንት ቺንጊያውን ቀይሩ።

«አሮጌ ለምን እንገዛለን፣ አዲስ እናስገባ» የሚሉኝም አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወሰነ። ያን ጊዜ አገር ውስጥ የነበረው አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋው ወደ ላይ ወጣ፤ ሊጣል የነበረው ተጠገነ፣ የተጋጨው በስቱኮ ተለስኖ ቀለም ተቀባ። ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ያረጃል። ግን አንድ ዶልፊን ገበያ ላይ ስታዩ ቢያንስ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ፣ አራት አምስት ባለቤት ያየ መኪና እንደሆነ ቁጠሩት።

ሙከራውን ሜዳ ላይ አታድርጉት። አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ የማይሮጥ ሃይኤስ የለም። የምትገዙት ሮቢት ወይም እኛ ጋ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ፣ ቆላው ሲሞቅ፣ አሥር ሰው ጭናችሁ ከሮቢት ወደ ደብረ ሲና አውጡት። ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሙቀት መርፌውን አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ብቻውን ይከታተል። ከመሐል ከፍ ካለች ወይ ራዲያተሩ ወይ ቴስታታው ነው። ደርሳችሁ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ውኃ ክፈቱ፤ ዘይት ከተንሳፈፈበት ጓርኒሲዮኑ ሄዷል። ከዚያ ቆሎ ገዝታችሁ አረፍ በሉና በዝቅተኛ ማርሽ መልሳችሁ አውርዱት። ታች ስትደርሱ አራቱንም ጎማ ሳትነኩ እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀታቸውን አወዳድሩ። አንዱ ብቻ ከነደደ ፍሬኑ እኩል አይዝም፤ ወይ ኩሽኔታው ነው። ከመስማማታችሁ በፊት ይጠገን፣ ወይም ከዋጋው ይቀነስ። ኮዱንም እዩ፤ ሕዝብ ለማመላለስ ከሆነ ኮድ 3 መሆኑን፣ ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን፣ ሊብሬው ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ራሳችሁ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ደላላውን አትላኩት።